ስሙን ሳይጠሩ ፍቅርን መጻፍ፦ ጎጃም ተቀምጦ የፍቅር ልቦለድ ለሚጀምር ሰው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ደብተርና እስክርቢቶ እሸጣለሁ። ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ የፍቅር ልቦለድ እጽፋለሁ። ይህን የሰሙ ልጆች ኮፒያቸው እስኪወጣ ድረስ ቆመው ሁልጊዜ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ሐሳቡ ከየት ነው የሚመጣልሽ?» ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ቤታቸው የተጀመረ ደብተር አላቸው፤ አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ የቆመ። ቆሜ ስመልስ ሁልጊዜ አንዱን ስለምረሳው፣ ቁጭ ብዬ በተራ በተራ ልጻፈው አልኩ።

ሌላው ሁሉ የሚመዘዝበትን አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። እኛ ዘንድ የሚዋደድ ሰው መውደዱን አይናገርም። እናቴ አባቴን «እወድሃለሁ» ስትለው አንድም ቀን አልሰማሁም። አምሽቶ ሲመጣ ግን እሳቱን ሳታዳፍን ትጠብቀው ነበር። «ምነው አልተኛሽም?» ሲላት መልሷ «ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ» ነው። የተጀመሩት ደብተሮች አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ የሚቆሙት፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ልጁ «እወድሻለሁ» ብሏት ስለሚጨርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል?

አንደኛ፦ ባለሁለት ገጽ ደብተር ያዙ

ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ፤ ውድ አይሁን፣ ውድ ደብተር ላይ ሰው መጻፍ ይፈራል። ስትገልጡት በግራው ገጽ ሰው የተናገረውን ብቻ፣ ቃል በቃል ጻፉ። ቀኙን ባዶ ተዉት። ማታ፣ ወይም ከሳምንት በኋላ፣ ሰውየው ሊል የፈለገውን በቀኙ ጻፉ። ግራው ሰም ነው፣ ቀኙ ወርቅ። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ነውና ይህን ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር፤ ግን ልቦለድ ስንጽፍ እንረሳዋለን።

ከደብተሬ አንዱን ላሳያችሁ። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ እየሄድን፣ መስከረም ነው፣ ቡሬ ላይ ቆምን። የእሸት በቆሎ ጊዜ ስለሆነ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ወርዶ ሁለት ጥብስ ይዞ ተመለሰና አንዱን አጠገቡ ላለችው፣ ከፍኖተ ሰላም ለተሳፈረችው ልጅ ዘረጋላት። በግራው ገጽ የጻፍኩት «አንድ ብቻ አንሸጥም አሉኝ» ያላትን ነው። በቀኙ ደግሞ፦ አንድ ይሸጣሉ፤ ሁለት የገዛሁት አውቄ ነው።

ጆሮ የሚሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ከሁሉ የምመርጠው ወፍጮ ቤት ነው። ሰው ወረፋ ይዞ ሰዓታት ይቀመጣል፣ ሞተሩ ስለሚያንባርቅ ደግሞ ምስጢሩን እየጮኸ ይናገራል። ወፍጮው ድንገት ሲቆም የሚቀረው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል። ፎቶ ቤትም ጥሩ ነው። ሠርግ ቤት ስትሄዱ ሙሽሮቹን ተዉአቸውና ከዳሱ ጥግ የተቀመጠችውን፣ ያልበላችውን እዩ። በስልክ ተደብቆ ድምፅ መቅዳት ግን ነውር ነው፤ ሥራውንም ያበላሻል። ጆሮ እየመረጠ ይሰማል፣ መቅረጫ አይመርጥም።

ለእኔ ትልቁ ምንጭ ማመልከቻ መጻፍ ሆነ። ስለ ፍቅር ከሠርግ ይልቅ የፍቺ ወረቀት ብዙ አስተምሮኛል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ለፍርድ ቤት የሚሰጥ የንብረት ዝርዝር ሊያስጽፈኝ መጣ። በሬ፣ ላም፣ ቆርቆሮ ቤት፣ አልጋ እያለ እየቆጠረ ሄዶ ሄዶ ዝም አለ። «ሌላስ?» አልኩት። «ምጣድ አለ» አለ። ልጽፍ እጄን ሳነሣ «እሱን አትጻፊው፤ የሷ ነው» አለኝ። ምጣዱን ከገበያ ተሸክሞ ያመጣላት እሱ ራሱ እንደነበር የገባኝ ኋላ፣ ስለ መንገዱ ሲያወራኝ ነው።

ይህን ዓይነት ነገር እንዳለ አንሥቶ መጽሐፍ ውስጥ መክተት ክህደት ነው። ሰውየው ወረቀት ሊያስጽፍ እንጂ ሊጻፍ አልመጣም። እኔ ሦስት ነገር አደርጋለሁ፦ ጊዜ አሳልፋለሁ፣ ዕቃውን እቀይራለሁ፣ ጾታውን እገለብጣለሁ። አሁን የነገርኳችሁም እንደዚያው ተለውጦ ነው። የሚቀረው የልብ ቅርጹ ብቻ ነው፤ እሱ የማንም አይደለም።

ሁለተኛ፦ ግድግዳውን ፈልጉ

ሁለት ሰው ተዋዶ የሚከለክለው ከሌለ የሚጻፈው ልቦለድ ሳይሆን የሠርግ ጥሪ ነው። ስለዚህ ከገጸ ባሕርያቱ በፊት እንኳ እንቅፋቱን ፈልጉ።

እዚህ ላይ ጎጃም የሚጽፍ ሰው ሊያመልጠው የማይችል ጥላ አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የእኛኑ አገር መሬት፣ ማንኩሳንና ዲማን ይዞ፣ ግድግዳውን ከዘር ሐረግና ከስእለት ነው የሠራው። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አካባቢ የሚመጣ ረቂቅ አንድ የቆሎ ተማሪና አንዲት የባላባት ልጅ ያላጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔም የመጀመሪያ ረቂቄ እንደዚያው ነበር፤ መቶ ምናምን ገጽ ጽፌ ሣጥን ውስጥ ጣልኩት። ያ ግድግዳ በዘመኑ ሰው የሚሞትበት ነበር። ዛሬ ባላባት የለም፤ ሌላ ግድግዳ አለ።

ዝውውር አለ። እሱ አስተማሪ ሆኖ ሞጣ፣ እሷ ነርስ ሆና ደምበጫ፤ በየዓመቱ ቅጽ ይሞላሉ። ዓረብ አገር አለ፦ ለሁለት ዓመት ብላ ሄዳ የወንድሞቿ ትምህርት ሳያልቅ መመለስ ያቃታት። የውርስ መሬት ክርክር አለ፤ የሁለቱ አባቶች በአንድ ድንበር ላይ ይካሰሳሉ። ያረጀች እናት አለች፤ ልጅቷ ካገባች ውሃ የሚቀዳላት የለም። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ ለወራት የሚጠፋበት ጊዜም አይተናል፤ ስልክ የማይሠራበት ወር ለፍቅር ታሪክ ከማንኛውም ክፉ አባት የከፋ ነው።

የጥሩ እንቅፋት ምልክት እንዲህ ነው፦ የሚከለክለውም ሰው ትክክል ነው። «ልጄን ለእሱ አልሰጥም» የሚል አባት ክፉ ከሆነ አንባቢው ይጠላዋል፣ አለቀ። አባትየው ታላቅ እህቷን ለእንደዚያው ዓይነት ሰው ድሮ የተቃጠለ ከሆነ ግን አንባቢው ሁለት ቦታ ይቀደዳል።

ሦስተኛ፦ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀሉ

ይህ ብዙ ጀማሪ የሚዘልለው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው ሥራ ነው። ሴራ ማውጣት ካስቸገራችሁ ባሕረ ሐሳብ ያወጣላችኋል።

ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሠርግ የሚደራው ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ሑዳዴ እስኪገባ ነው። ሑዳዴ ደግሞ በየዓመቱ ይፈናቀላል፤ ከየካቲት 1 ግን አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ቁጠሩት፦ ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት የሠርግ ወቅቱ 19 ቀን ብቻ ነው፤ ዘግይቶ በሚገባበት 53 ቀን፣ ያውም የነነዌን ሦስት ቀን ሳንቀንስ። እንግዲህ ጀግናችሁ ከሩቅ አገር የሚመለሰው ስንት ቀን ሲቀረው ነው? ሽማግሌ በጥቅምት ከተላከ፣ ቃል በኅዳር ከታሠረ፣ ድግሱ ለጥር ከተቆረጠ፣ ልጅቷ እምቢ ለማለት ሦስት ወር አላት። ጌሾው ተወቅጦ ጠላው ሲጠነሰስ የቀናት ጉዳይ ይሆናል። ቦምብም ሽጉጥም አያስፈልግም፤ እንስራ ውስጥ የሚፈላው ጠላ ራሱ ሰዓት ነው።

እንዲህ ዓይነት ስሕተት አንባቢ ይቅር አይልም። በሁለተኛው መጽሐፌ ሙሽራዋን በሑዳዴ ዶሮ ወጥ አብልቻት ነበር። አርታኢው አላየውም፣ እኔም አላየሁም። አንዲት እማሆይ ግን አይተውት ሱቅ ድረስ መጡ።

አራተኛ፦ ቦታውን በእግር ሂዱበት

መቼት ማለት የከተማ ስም መጥራት አይደለም። ጮቄ አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ የዓባይ ሸለቆ ወለል ድልድዩ አካባቢ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ምሥራቅ ጎጃም ነው። ከላይ ገብስና ድንች፣ ውርጭ፣ ወፍራም ጋቢ፤ ከታች ማሽላ፣ ላብ፣ የወባ መድኃኒት። የላዩን ልጅ ለታቹ ስትድሯት የምታጣውን ቁጠሩ፦ ብርዱን፣ የገብስ ቆሎውን፣ ማለዳ ላይ ጉሙ ውስጥ የሚሰማውን የበግ ድምፅ። ናፍቆት የሚጻፈው እንዲህ ነው እንጂ «አገሯ ናፈቃት» ተብሎ አይደለም።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን መውጣትን አንድ ጊዜ ደብተር ይዛችሁ ሂዱት። ቁልቁለቱን ሲጀምር አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ይቀንሳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ወንዙን ሲሻገር አንዳንዱ ያማትባል። ከዚያ ዳገቱ ሲያልቅ ነፋሱ ይቀዘቅዝና ሰው ሁሉ እንደገና ማውራት ይጀምራል። ሁለት ተሳፋሪዎች ቢኖሩኝ የሚጣሉት ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ዝም የሚሉት ወንዙ ላይ።

አምስተኛ፦ ምልልሱን ከፍቅር ቃላት አጽዱ

እዚህ ቆም እንበል፤ መጽሐፉ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው።

አማርኛ ለፍቅር ጸሐፊ የሰጠው ትልቅ ስጦታ «አንተ»፣ «አንቺ»ና «እርስዎ» ነው። ልጅቷ ሰውየውን ሃምሳ ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ቆይታ አንድ ቀን፣ ሳታስበው፣ ተቆጥታ «አንተ!» ብትለው፣ መሳሳምን የሚበልጥ ነገር ተፈጠረ። እሱም ደንግጦ ዝም ይበል። እሷም ትፈር። በሚቀጥለው ቀን ተመልሳ «እርስዎ» ትበለው፤ እሱ ግን ያችን አንዷን ሲጠብቅ ይክረም። ይህን መሰላል ረቂቃችሁ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አድርጉበት፦ የትኛው ገጽ ላይ ማን ማንን ምን አለ? ሳይታወቃችሁ የተቀየረ ካለ ስሕተት ነው፤ አውቃችሁ የቀየራችሁት ደግሞ የመጽሐፉ ምሰሶ ነው። ከተጋቡ በኋላም አያልቅም። ባሏን በስሙ የማትጠራ፣ «የልጆቼ አባት» የምትል ሴት አለች፤ እሷ አንድ ቀን ስሙን ብትጠራው ምን ሆኖ ይሆን?

ግጥም ማስገባት የምትወዱ፣ ከሌላ ዘፈን አትዋሱ፤ ራሳችሁ ግጠሙ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ጉባኤ ቃናም እኮ ሁለት ቤት ነው። አንዲት የምትጠብቅ ገጸ ባሕርይ ነበረችኝ፤ ስሜቷን በሦስት ገጽ አብራርቼ ሰለቸኝና ሁሉንም ሰርዤ፣ እንስራ ተሸክማ ስትወጣ ይህን ሰጠኋት፦

መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ ብሎኝ፣
እስካሁን የቀረው አባይ ነው መሰለኝ።

ለሚሰማት ሰው ወንዙ ሞልቶበት ነው። አብራት ውሃ የምትቀዳው ግን ቀና ብላ አየቻት። ሦስት ገጽ ዳነልኝ።

አሁን አንድ ትዕይንት ፊትና ኋላውን ላሳያችሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «ገና ስታየው ልቧ እንደ ከበሮ ደለቀ። ዓይኖቹ እንደ ኮከብ ያበራሉ። ያለ እሱ መኖር እንደማትችል በዚያች ቅጽበት ተገለጠላት።» ምን እንደሚመስል አይታያችሁም፤ እኔም አልታየኝም ነበር። ከብዙ ስረዛ በኋላ የቀረው ይህ ነው፦

«ስንት ኮፒ?»

«አራት።»

ወረቀቱን ገለበጠችው። የዝውውር ደብዳቤ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሞጣ። ማሽኑ ላይ አስተኝታ ቁልፉን ተጫነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ወጣ።

«አንዱ ትርፍ ነው» አላት።

«ጠቁሯል፤ አይሆንልዎትም» አለችና ሳታሳየው ከጠረጴዛው ሥር ከተተችው።

የአራቱን አስከፈለችው።

በአንዱ ረቂቅ ላይ እሱ ከወጣ በኋላ ታለቅስ ነበር። አወጣሁት። በሌላው ወረቀቱን ትስመዋለች፤ እሱንም አወጣሁት። ልብ፣ ዓይን፣ እንባ፣ ከንፈር የሚሉትን ቃላት ረቂቃችሁ ውስጥ ፈልጋችሁ ቁጠሩ፤ ግማሹን ሰርዙ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው በሰከንድ ያሳፍራችኋል።

ስለ መኝታ ቤት ትዕይንት ይጠይቁኛል። እዚህ አገር መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ልጅ ያነበበውን እናት ታነባለች። በሩ ሲዘጋ እኔ ውጪ እቀራለሁ። ማለዳ ላይ ማን ቀድሞ እንደተነሣና ማን እሳት እንዳነደደ ብቻ እጽፋለሁ። ሌላው የየራሱ ምርጫ ነው።

ስድስተኛ፦ በየቀኑ ሁለት ገጽ

ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ፤ 1 ሰዓት ላይ ሱቅ ለመክፈት እወጣለሁ። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ሁለት ገጽ። እሑድ አልጽፍም። በሳምንት 12 ገጽ ይሆናል፤ 240 ገጽ ልቦለድ በ20 ሳምንት ረቂቁ ያልቃል። «መንፈስ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ መንፈሱ እሱ ዘንድ የሚመጣው ማታ ጠጅ ቤት ሲገባ ነው።

በመጀመሪያ የምጽፈው በእጄ ነው፤ መብራት ይጠፋላ። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ከመጀመሪያው ቀን በዩኒኮድ ጻፉ። እኔ በድሮው የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ተይቤ አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄ ከፈቱልኝ፤ ስክሪኑ ላይ የታየው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ጫካ ነበር። 90 ገጽ ደግሜ መተየብ ነበረብኝ። ሥራችሁን ፍላሽ ላይም፣ ኢሜይል ላይም አስቀምጡ።

ዛሬ ስታቆሙ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱ አቁሙ። ነገ የምትቀጥሉበት ጫፍ ይኖራችኋል።

ሰባተኛ፦ ቡና ላይ አንብቡት

ረቂቁ ሲያልቅ ወር ያህል አስቀምጡት፤ ከዚያ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ቡና ለሚጠጡ ጎረቤቶች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ስላለ «ግሩም ነው» ይሏችኋል። ዝም ብላችሁ እያነበባችሁ እዩ። በአቦል ያነበብኩትን ሰምታ በቶናው ስለ ዘይት ዋጋ ያነሣች ሴት ካለች፣ ያ ገጽ ይሰረዛል። ስኒውን ይዛ መቅዳት የረሳች ካለች፣ እዚያ ገጽ ላይ ኮከብ አድርጌ አልፋለሁ። አንድ ጊዜ እትዬ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችን በረካው ሳይደርስ ተነሥተው ሄዱ። ተከፋሁ። ማታ በሬን አንኳኩተው «ልጅቷ ታገባዋለች ወይስ አታገባውም? እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

ስምንተኛ፦ ኅትመት

ይህን አሳጥራለሁ። መብታችሁ የሚጀምረው ሥራውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜ ልኩን፣ ለወራሾቹ ደግሞ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅላቸዋል። ምዝገባ ማስረጃ ይሆናል እንጂ መብቱን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ስለዚህ ረቂቁን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ፤ በቴሌግራም ከማሰራጨታችሁም በፊት አስቡበት፤ ለትረካ የሚጠይቃችሁ ካለ በጽሑፍ ይሁን።

ከማተሚያ ቤት የመጨረሻው ናሙና ሲመጣ ገጾቹን በጣታችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ለአከፋፋይ ያለ ደረሰኝ አንድም ቅጂ አትስጡ። 200 መጽሐፍ «በመተማመን» ሰጥቼ የ60ውን ብቻ ገንዘብ ያገኘሁበት ዓመት አለ፤ የቀረው እስከ ዛሬ «እየተሸጠ ነው»።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ትንሽ ከተማ ውስጥ የምትጽፉ ከሆነ የማይቀርላችሁ ነገር አለ፤ ሰው ራሱን ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት አንዲት በዕድሜ የገፉ ደንበኛዬ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርጉ መጥተው፣ ወረቀቱን ሳይሰጡኝ ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ።

«ያቺ ጠላ ጠማቂዋ እኔ ነኝ አይደል?»

«ኧረ አይደሉም እትዬ፣ በእግዜር!»

ፊታቸው ጠቆረ። መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡኝ፣ ኮፒውን ተቀበሉ፣ ሳንቲማቸውን ቆጠሩ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና «ምን ጎድሎኝ ነው?» አሉኝ።

እሳቸው ከታጠፉ በኋላ ደብተሩን ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁና በግራው ገጽ ጻፍኩት።